ቦሎ ፍሬን አይሆንም!

ለመሆኑ መስታወት ላይ የተለጠፈ ቦሎ መኪና ያቆማል? ሰሞኑን እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና አካባቢ የጎረቤቴን አሮጌ ፒክ አፕ ፍሬን እምቢ አለው። እግዜር ሲያተርፈው የአሸዋ ክምር ላይ ወጥቶ ቆመ። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ቢያይ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የብረት ቱቦ ዝጎ ተበስቷል። ቦሎው ግን የዘንድሮ ነው!

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ሳይቀየር ዓመታት ሲቆይ ቱቦውን ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ደግሞ ጭቃው አለ። ቀዳዳውን በብየዳ መድፈን፣ ወይም ቱቦውን ጠፍጥፎ በሦስት ጎማ ፍሬን መንዳት በነፍስ መቀለድ ነው። የዛገው ቱቦ መቀየር፣ የገባው አየርም መውጣት አለበት።

«አዲስ ግዛ» እንዳንለው፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ዋጋን ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። እንግዲያው ሕዝቡን ከአሮጌ መኪና ጋር ያቆራኘ መንግሥት ቢያንስ የፍሬን ዕቃን ከቀረጥ ነፃ ያድርግለት! መርማሪውም ጎንበስ ብሎ ከሥር ይመልከት። ፍሬን ሲበጠስ የሚሞተው ባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ አስፋልት ዳር የቆመው ተማሪም ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል!