ለሐኪም ቅኔ አይነገርም

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ሰሙን ለጆሮ፣ ወርቁን ለልብ ማስቀመጥ የለመደ ሕዝብ ግልጹን ቃል እንደ ብልግና ቢቆጥረው አያስደንቅም። ይህ ልማድ በጉባኤ ቤት ጌጥ ነው፤ በሐኪም ፊት ግን ሰው ይገድላል። ነገሬ ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ነው።

ፕሮስቴት ከወንድ የሽንት ፊኛ ሥር ሆኖ የሽንቱን ቧንቧ የከበበ ትንሽ እጢ ነው። ካንሰሩ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም። ሲስፋፋ ግን ወደ አጥንት፣ በተለይም ወደ አከርካሪና ወደ ዳሌ ይዘልቃል። እኔ በዱርቤቴ ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ። በቆሎና ዳጉሳ ሸጠው ያጠራቀሟትን ሊያወጡ የሚመጡ አባቶች ሳልጠይቃቸው «ለወገቤ ነው፣ ባሕር ዳር ልታከም» ይሉኛል። የብዙዎቹ ሕመም በእርግጥም የእርሻ ድካም ያመጣው የወገብ ሕመም ይሆናል። ጥቂቶቹ ግን ሽንታቸውን መጥራት አፍረው ወገባቸውን ሰም አድርገውት እንደሆነ ማን ያውቃል?

ሳይንቲስቶች በበኩላቸው ይህን ዝምተኛ በሽታ ለማናገር ከሰማንያ ዓመት በላይ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1941 በቺካጎ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቻርልስ ሃጊንስ የወንዴ ሆርሞን ሲቀንስ ካንሰሩም እንደሚያፈገፍግ አሳየ፤ በ1966ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ፒ.ኤስ.ኤ. የተሰኘው የደም ምርመራ በ1994 በአሜሪካ በሽታውን ቀድሞ ለማግኘት ተፈቀደ። ይሁንና ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሁሉ ካንሰር የለበትም፤ እጢው በዕድሜ ምክንያት ሲተልቅም ቁጥሩ ይጨምራል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሌላ ዓይን ፈለጉ። በ2017 በብሪታንያ የወጣ ጥናት ናሙና በመርፌ ከመወሰዱ በፊት የኤም.አር.አይ. ምስል ቢነሣ ከአራት ወንዶች አንዱ ያህል ከመርፌው ሊተርፍ እንደሚችል አመለከተ። በ2022 ደግሞ የካንሰሩን ሕዋስ ፈልጎ የሚጣበቅ፣ ሉቴሽየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተሸከመ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። ጨረሩ ከውጭ ሳይሆን በደም ሥር ተጉዞ ከሕዋሱ ደጃፍ ይደርሳል።

«ይህ ሁሉ ለዱርቤቴ ምኗ ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ከምርምሩ ፍሬ ውስጥ መሣሪያ የማይጠይቅም አለ። በ2023 ይፋ የሆነ የብሪታንያ ጥናት ካንሰሩ ገና ከእጢው ሳይወጣ የተገኘባቸውን 1,643 ወንዶች ለ15 ዓመታት ያህል ተከታተለ። ገሚሱ በቀዶ ሕክምና፣ ገሚሱ በጨረር፣ ገሚሱም በክትትል ብቻ ጀመሩ። በሦስቱም ወገን ከ100 ሰዎች 97 ያህሉ በዚያ ካንሰር አልሞቱም። ይህ «ካወቅሁ ሞትሁ» ብሎ ለሚሸሽ ሰው የተላከ መልስ ነው፤ መልሱ የሚሠራው ግን ቀድሞ ለደረሰ ነው።

ሌላም አለ። በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በዚህ ካንሰር የሚሞቱት ከነጮቹ በእጥፍ ያህል ነው። ምክንያቱን ለመመርመር የተቋቋመው ማድካፕ የተባለ የተመራማሪዎች ኅብረት በሴኔጋል፣ በጋና፣ በናይጄሪያና በደቡብ አፍሪካ ሆስፒታሎች የታካሚዎችን ዘረ መል አጥንቶ በ2024 ውጤቱን አሳተመ። ኢትዮጵያ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። የእኛን ደም ሳያይ የተሰፋ ልብስ ለእኛ ልክ ይሆናል ብለን በምን እንተማመናለን?

ለዚህ ጉድለት መንግሥትንና ዩኒቨርሲቲን ብቻ መውቀስ ይቀላል። ነገር ግን መዝገቡ የሚጀምረው ከየቤታችን ነው። ለጋብቻ ሲሆን እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ከተቆጠሩት አያቶች አንዱ በምን ሞተ ቢሉን ግን «ታሞ» ከማለት አናልፍም። አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ በሽታ የተያዘበት ወንድ ለበሽታው ያለው ተጋላጭነት በእጥፍ ያህል ይጨምራል። እንግዲያው ያ ያልተነገረ ሕመም ለልጅ ሊተላለፍ የሚገባው ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ከአባት ጋር ተቀበረ።

ነገሩን ወደ ሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ያመጣሁት ስለዚህ ነው። በልብ ወለዶቻችን ወንድ በጥይት፣ በፍቅር፣ በረሃብ ሲሞት አንብበናል። ሌሊት አምስት ጊዜ ተነሥቶ፣ በብርድ ቆሞ፣ ሽንቱ እምቢ ያለውን አባት ግን እምብዛም አላየነውም። መጠሪያ ያላገኘ ሕመም አይነገርም፤ ያልተነገረም አይመረመርም። ሳይንቲስቱ ሞለኪውሉን ፈልጎ ያግኝ፤ ቃሉን ከነውር አውጥቶ ንጹሕ ማድረግ ግን የእኛ የጸሐፊዎች ፋንታ ነው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። የሽንት መቸገር ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው እጢው በዕድሜ ሲተልቅ የሚመጣ ነው። ይህን የሚለየው ግን ሐኪም እንጂ ዝምታ አይደለም። ሐምሳን የተሻገረ ሰው ባያመውም ስለ ምርመራው ጥቅምና ጉዳት ከሐኪም ጋር ይምከር፤ በዘሩ ካለ ደግሞ ቀደም ብሎ። አባት ያለን ልጆችም እንጠይቅ፦ «አባባ፣ ሽንትዎ እንዴት ነው? አያታችንስ በምን ነበር የሞቱት?»