መስኮቱን የምናለብሰው ለማን ነው?

ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገቡ የአዲስ አበባ ቀን ያታልላል። በቀትር ፀሐይ ሹራብ ያስወልቃል፤ ሌሊቱ ግን ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል። ከተማዋ ያለችው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ዝናቡ አቁሞ ሰማዩ ሲጠራ፣ መሬትና ጣሪያ ቀን ያጠራቀሙትን ሙቀት ሌሊት የሚከልልላቸው ደመና አያገኙም። ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ ደግሞ ብርዱ ውርጭ ሆኖ ሣሩ ላይ ያድራል፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ከከተማዋ ስም ጋር አብሮ የሚነሣው ያለ ነገር አይደለም።

በዚህ ወቅት በየዘመዱና በየጎረቤቱ ቤት የማስተውለው አንድ ነገር ያሳስበኛል። እንግዳ የሚቀመጥበት ሳሎን እስከ ወለል የሚደርስ ባለ ድርብ መጋረጃ አለው። ለገናና ለፋሲካ ይታጠባል፣ ሲቻልም ይቀየራል። አያት የሚተኙበት፣ ልጆች የሚያድሩበት ክፍል መስኮት ግን በሚስማር የተወጠረ አሮጌ አንሶላ ይደረግለታል፤ እሱም የሌለው ብዙ ነው። ሳሎኑ ሌሊት ማንም አያድርበትም። ሌሊቱን ሙሉ ከብርድ ጋር የሚታገለው ሰው ያለው መጋረጃ ባላገኘው ክፍል ውስጥ ነው።

ብርዱ ሲጠና ደግሞ ከሰል ይቀጣጠላል። የቡናው ፍም ሳይጠፋ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፣ በሩና መስኮቱ ይዘጋል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆን ሰው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል፤ ጋዙ ግን ያኔም ይወጣል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ የተኛው ሰው ራስ ምታቱ እንኳ ሳይቀሰቅሰው ሊሞት ይችላል። በየዓመቱ በብርዱ ወራት እንዲህ ያለ የቤተሰብ ሐዘን እንሰማለን። ስለ መጋረጃ ማውራት ትንሽ ነገር የሚመስለው አንባቢ ይህን ያስብልኝ፤ ክፍሉ ሙቀቱን ቢይዝ ኖሮ ከሰሉን ወደዚያ ለማስገባት የሚቸኩለው ሰው ባነሰ ነበር።

የብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞቻችን መስኮት አንድ ስስ መስታወት በብረት ፍሬም ነው። በአንድ መስታወት የሚያልፈው ሙቀት በመካከሉ አየር ባለው ድርብ መስታወት ከሚያልፈው ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ብረቱ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። የክፍሉ አየር ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደ ወለሉ ይወርዳል። አልጋው መስኮት ሥር የሆነ ሰው መስኮቱ ተዘግቶም «ነፋስ ገባብኝ» የሚለው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ሰውነታችን ራሱ ሙቀቱን ወደ ቀዝቃዛው መስታወት ይለቃል። ወፍራም መጋረጃ ሁለቱንም ይገታል። ጋቢ የሚያሞቀን በንብርብሮቹ መካከል አየር አግቶ በመያዙ እንደሆነ ሁሉ፣ መጋረጃም ሥራውን የሚሠራው ከመስታወቱ ጋር በሚያግተው ረጋ ያለ አየር ነው። ስለዚህ ከውድ ጨርቅ ይልቅ አሰቃቀሉ ይበልጣል፦ በግራና በቀኝ ከመስኮቱ አልፎ ግድግዳውን ይሸፍን፣ ከመስኮቱ ደፍ በታች ይውረድ፣ ከግድግዳው ብዙ አይራቅ። ገበር የተሰፋለት ተራ ጨርቅ፣ አልፎም ያረጀ ብርድ ልብስ፣ ከሚያብረቀርቀው ስስ መጋረጃ የተሻለ ይሠራል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጓዘው ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለሆነ፣ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ያለው ቤት ቀኑን ሙሉ ነፃ ሙቀት ያገኛል። መጋረጃው ጠዋት ይከፈት፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ክፍሉ ሳይቀዘቅዝ ይዘጋ። ቀኑን ተዘግቶ የሚውል መጋረጃ ከኋላው መስታወቱ እንዳላበው ይቀራል፤ ያም እርጥበት ሻጋታ ያመጣል፣ አስም ያለበትን ልጅ ይጎዳል። ጠዋት መስኮቱንም ለጥቂት ጊዜ መክፈት ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቤቶችና የጤና መመሪያ፣ በቅዝቃዜ ወራት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ባይወርድ እንደሚሻል መክሯል። ብርድ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የመተንፈሻ ሕመምን ያባብሳል፤ የዚህን ዋጋ በመጀመሪያ የሚከፍሉት አዛውንትና ሕፃናት ናቸው። መጋረጃ የሚከለክለው ብርድን ብቻም አይደለም፤ መንገዶቻችን በመብራት እየደመቁ ነው። ብርሃኑ ለመንገደኛው መልካም ሆኖ ሳለ፣ መጋረጃ በሌለው መኝታ ቤት እንቅልፍ ይነሣል።

ቤት ሠሪዎችም ድርሻ አላቸው። የጥንቱ የጭቃ ቤት መስኮቱ ትንሽ፣ ግድግዳው ወፍራም ነበር፤ የእንጨት መዝጊያውም ማታ ይዘጋል። ዛሬ መስታወቱን እያሰፋን መዝጊያውን ትተነዋል። ቢያንስ የመጋረጃ ብረት የሚሸከም ግድግዳና የሚገጥም መስኮት ለነዋሪው ማስረከብ ከአቅም በላይ አይመስለኝም።

ዘንድሮ መጋረጃ የምትገዙ ከሆነ ከአያት ክፍል ጀምሩ፤ የልጆቹ ይከተል፤ ሳሎኑ ይቆይ። ከሰል ግን ምንም ያህል ቢበርድ መኝታ ቤት አታስገቡ።