ግራ እጅ መሸሻ፣ ቀኝ እጅ መተኮሻ

ዛሬ የማነሣውን ጉዳይ ስታዩ “ይህ የቤተ ሰብ ዐምድ ነው ወይስ የልጆች ጨዋታ?” የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ቢሆንም ታገሡኝ፤ ነገሩ ባልና ሚስትን ሦስት ወር ያህል ያኮራረፈ ነውና።

ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ወረታ ነው። እርሱ የፎገራን ሩዝ ይነግዳል፣ እርሷ ታስተምራለች፤ አንድ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አላቸው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ልጁ ቤት ዋለ። ጓደኛው በዜንደር የላከለትን አንድ የተኩስ ጌም በእናቱ ስልክ መጫወት የጀመረው ያን ጊዜ ነበር። በግራ አውራ ጣቱ ሰውየውን ያስሮጣል፣ በቀኝ አውራ ጣቱ ወዳሻው አቅጣጫ ያስተኩሳል፤ ከየማዕዘኑ የሚግተለተለውን ሁሉ ይጥላል። ኋላ ኢንተርኔቱ ተመለሰ፣ ልጁም ትምህርቱን ቀጠለ። ጌሙ ግን አልቀረም።

እናትየው የምታስቸግረው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ድምፁን አጥፋው” ትለዋለች። “የውጪው ይሁን የስልኩ መለየት ስለሚያቅተኝ እየደነገጥሁ ወደ በር እሮጣለሁ” አለችኝ። አባትየው ደግሞ “በቤቴ የተኩስ ጨዋታ አይኖርም፤ እግዚአብሔርም አይወደውም” ባይ ነው። አንድ ምሽት ስልኩን ከልጁ ነጥቆ ከወለሉ ላይ ከሰከሰው። ስልኩ የሚስቱ መሆኑን ያስታወሰው ከሰበረው በኋላ ነው።

ሁለቱም በየፊናቸው ደወሉልኝ፤ “ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን” አሉ። እኔም ሁለቱንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ ጌሙን አይታችሁታል? እርሱ አላየውም። እርሷም ድምፁን እንጂ ጨዋታውን አታውቀውም። እስቲ እናንተስ፣ ልጃችሁ የሚጫወተውን ጌም ስም ታውቃላችሁ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ዓይነቱን ጌም እኔ ራሴ እወደዋለሁ። ትልቁ ልጄ ጎረምሳ ሳለ የሚጫወትበት የድሮ ፕሌይስቴሽን 2 እስከ ዛሬ ቤቴ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣና የጥንት ጌሞችን የሰበሰበ አንድ ሲዲም አለው። መንገዱ ሰላም በነበረበት ሰሞን ለቅሶ ለመድረስ ወደ አዲስ ዘመን ስሄድ ማጫወቻውን፣ ሁለት ጆይስቲክና ላፕቶፔን በሻንጣ ከትቼ ወረታ ላይ ወረድሁ።

በየከተማችን ያሉትን የፕሌይስቴሽን ቤቶች የምታውቁ፣ እዚያ በብዛት የሚታየው ኳስ ጨዋታ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል። በኳሱ ላይ የቀኙ ዘንግ እምብዛም አይነካም። እነዚህኞቹ ጌሞች ግን ያለ ሁለቱ ዘንግ አይሆኑም። ግራው እግራችሁ ነው፣ ቀኙ እጃችሁ። እግራችሁ ወደ ኋላ እየሸሸ እጃችሁ ወደ ፊት ይተኩሳል። ለጀማሪ አእምሮን ለሁለት የመክፈል ያህል ያስቸግራል።

መጀመሪያ የከፈትሁላቸው “ስማሽ ቲቪ” የተባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሲሆን ዩጂን ጃርቪስና ማርክ ተርሜል የተባሉ አሜሪካውያን የሠሩት ነው። ታሪኩ የቴሌቪዥን ውድድር ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በየበሩ የሚገባውን ሰው እየገደሉ ሽልማት ይለቅማሉ፤ ገንዘብ፣ መኪና፣ ሳይቀር የዳቦ መጥበሻ። ሁለት ሰው አብሮ ይጫወታል። አባትና ልጅን አስቀመጥኋቸው። አባትየው መጀመሪያ ጆይስቲኩን እንደ እባብ ነበር የያዘው። ዐሥር ደቂቃ አልሞላም፣ “ያ የኔ ነበር! ለምን አነሣኸው?” እያለ ከልጁ ጋር በሽልማት ይጨቃጨቅ ጀመር። ሚስቱ በሳቅ ወደቀች። ጌሙ በቴሌቪዥንና በስግብግብነት ላይ የሚያላግጥ መሆኑ ይታወቃል፤ ነገር ግን እያላገጠም ቢሆን ያንኑ ያሠራችኋል። ደሙም ብዙ ነው። እኔ በበኩሌ ለልጅ አልመርጠውም።

ቀጥሎ የዚህ ሁሉ አባት የሆነውን “ሮቦትሮን 2084” ከፈትሁ። ይህንንም ያው ጃርቪስ ከላሪ ዲማር ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ዊልያምስ ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሠርቶታል። ሳንቲም እየተጨመረበት በሚሠራው ሣጥን ላይ የመተኮሻ ቁልፍ አልነበረውም፤ ሁለት ዘንግ ብቻ። አሁን ልብ በሉ። በታሪኩ ሮቦቶች በሰው ልጅ ላይ ተነሥተው ፈጅተውታል፤ የተረፈው አንድ ቤተ ሰብ ነው፤ እናት፣ አባትና ልጅ። እነርሱ በሜዳው ላይ ግራ ገብቷቸው ሲባዝኑ ሮጣችሁ በመንካት ታነሧቸዋላችሁ። የመጀመሪያውን ስታነሡ 1000 ነጥብ፣ ሁለተኛውን 2000፣ እንዲህ እያለ እስከ 5000 ይደርሳል። ጥይታችሁ እነርሱን አይጎዳም። ሊገደሉ የማይችሉ ግዙፎች ግን ሄደው ይረግጧቸዋል። ከዚያ የከፋው፣ ባለ ትልቅ ጭንቅላቶቹ ሮቦቶች ይይዟቸውና አእምሯቸውን ለውጠው መልሰው በእናንተ ላይ ይልኳቸዋል።

ልጁ በስልኩ የለመደ ስለሆነ እጁ ፈጣን ነው። ሮቦቱን ሁሉ እያጨደ ጣለው። ሆኖም ነጥቡ አነስተኛ ሆነበት። “ለምን?” አለኝ ተናድዶ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሊገደሉ የሚችሉት ሮቦቶች እንዳለቁ ዙሩ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ያልተነሡት የቤተ ሰብ አባላት በዚያው ይቀራሉ። አለቅጥ ጎበዝ ተኳሽ ከሆናችሁ ሰዎቹን ሳትሰበስቡ ጨዋታው ወደሚቀጥለው ዙር ይሄድባችኋል። ስለዚህ አዋቂ ተጫዋች አንድ ሁለት ሮቦት ሆን ብሎ ሳይነካ ይተዋል፤ ከእነርሱ እየሸሸ ሰዎቹን ይሰበስባል። ልጁ ይህን ሲሰማ ዝም አለና እንደ ገና ጀመረ።

እናትየዋ “እኔ በጭራሽ አልተኩስም” አለች። መልካም፤ ለእርሷም ነበረኝ። “ጂኦሜትሪ ዋርስ” የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝ አገር፣ ሊቨርፑል የነበረ ቢዛር ክሪኤሽንስ የተባለ ድርጅት በአንድ የመኪና ውድድር ጌም ውስጥ እንደ ማሟያ ደብቆ ያወጣው ነው፤ የሠራው ስቲቨን ኬክብሬድ ይባላል። ሰውም ደምም የለበትም፤ የሚያበሩ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ሁለተኛው ላይ “ፓሲፊዝም” የሚል አጨዋወት ተጨመረበት፤ ትርጉሙ ጦርነትን መጥላት ማለት ነው። እዚያ ላይ መተኮስ የለም። አሳዳጆቹን ወደ በሮች እየሳባችሁ በበሩ መሐል ታልፋላችሁ፤ በሩ ሲፈነዳ በአጠገቡ ያሉት ይጠፋሉ። እኔ የያዝሁት ሦስተኛው ላይም ይህ አጨዋወት አለ። አንዲት ነፍስ ብቻ ነው ያላችሁ። እመቤቲቱ በሦስተኛው ሙከራዋ ከእኔ በለጠች። አንድ ጊዜ በቃኝ ሳትል ምሽቱ አራት ሰዓት ሆነ፤ ባልዮው ራሱ እራት አቀረበ።

በማግስቱ ሦስታችን፣ አባትየውና ልጁ እኔን ሊሸኙ፣ በአዲስ ዘመን መንገድ ሄድን። ከጣራ ገዳም ግርጌ ወረድን። እኔ ያደግሁት እዚያ ነው። ከላይ ገዳሙና ጥቅጥቅ ያለው ደን፣ ከሥር ሜዳው ወደ ጣና ተዘርግቶ ይታያል። በልጅነቴ ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቼ ስጠብቅ እውል ነበር፤ ከደኑ ጦጣና ዝንጀሮ ይወርዳል፣ ከሰማይ ወፍ ይመጣል። መሣሪያዬ ወንጭፍ ነው። ልጁ ማማው የነበረበትን ቦታ ሳሳየው ጠየቀኝ።

“ጋሼ፣ ዝንጀሮው ከኋላ ቢመጣስ?”

“እዞራለኋ።”

“ሁለት ቢሆኑስ? እየሮጡ መወንጨፍ አይቻልም?”

“አይቻልም። ወንጭፍ ቆመህ ነው።”

ከልቡ አዘነልኝ። ከዚያ “ስንት መታህ?” አለ። እውነቱን ለመናገር፣ የመታሁትን አላስታውስም፤ ማንም አልቆጠረውም። አባቴ የሚቆጥረው በኅዳር ስንት ራስ ማሽላ እንደ ተረፈ ነበር። እንግዲህ እናንተም የልጃችሁን ጌም ስታዩ ተኩስ አለው ወይ ብላችሁ ብቻ አታቁሙ፤ ነጥቡ ከምን እንደሚገኝ እዩ። በሬሳ ቁጥር ነው? በሽልማት ነው? በዳኑት ነው? በስልክ ከሚገኙት መካከል በየደቂቃው በእውነተኛ ብር ዕቃ ግዙ የሚሉም አሉ፤ እነርሱን እኔ ከተኩሱ ይልቅ እፈራቸዋለሁ።

ልጁ ወደ ፊት ቀደም ሲል ለአባትየው ስለ አንድ ሌላ ጌም ነገርሁት። ለልጁ አላሳየሁትም፤ እናንተም አታሳዩ፤ ደሙና ቆሻሻው ያስጠላል። ስሙ “የይስሐቅ መታሰር” ነው፤ ኤድመንድ ማክሚለንና ፍሎሪያን ሂምስል እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት። ኒንቴንዶ በ2012 በሃይማኖታዊ ይዘቱ ምክንያት በመሣሪያው ላይ እንዳይወጣ ከልክሎት ነበር፤ በ2015 ግን ታድሶ የተሠራውን ተቀበለ። መነሻው ዘፍጥረት ምዕራፍ 22 ቢሆንም እጅግ ተጣምሟል። ይስሐቅ የዘመናችን ሕፃን ነው። እናቱ የክርስቲያን ቴሌቪዥን ስታይ ትውላለች። አንድ ድምፅ “ልጅሽ በኃጢአት ተበላሽቷል” ይላታል፤ መጫወቻዎቹን፣ ሥዕሎቹንና ልብሱን ትወስድበታለች። ድምፁ ሁለተኛ ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ ትቆልፍበታለች። በሦስተኛው ቢላ ታነሣለች። ልጁ ወደ ምድር ቤት ያመልጣል፤ እዚያ የሚተኩሰው ጥይት የገዛ ራሱ እንባ ነው። ድፍረት ነው የሚሉ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። በመጽሐፉ ላይ ግን የአብርሃምን እጅ ያስቆመው ድምፅ መሆኑን እኛ ወላጆች ስንቆጣ እንረሳዋለን።

አባትየው ብዙ መንገድ ዝም ብሎ ተራመደ።

“መጀመሪያ መጫወቻዎቹን ነው የወሰደችው?” አለኝ።

“አዎ።”

ፕሌይስቴሽኑን እዚያው ትቼላቸው ተመለስሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ምሽት ስልኬ ጮኸ። የእርሷ አዲሱ ስልክ ነው፤ የደወለው ግን እርሱ ነው።

“ጋሼ፣ አምስተኛው ዙር ላይ፣ እናቶቹ በሚበዙበት፣ እነዚያ ባለ ትልቅ ጭንቅላቶች እየያዙብን ተቸገርን። ምን ይሻላል?”

መልስ ሳልሰጠው ልጁ ከኋላ “አባዬ፣ አትተኩስ፣ ቀድመህ አንሣቸው!” ሲል ተሰማኝ፤ ቀጥሎም የእናትየው ድምፅ፣ “ድምፁን ትንሽ ጨምሩት፣ ከወጥ ቤት አልሰማችሁም” አለች።