ብዕሩ ዐይን የለውም

ባለፈው ሰሞን በአንድ የሥዕል ዐውደ ርእይ መክፈቻ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከተሰቀሉት ሥራዎች መካከል ሁለቱ በኮምፒዩተር የተሣሉ ነበሩ። አንድ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሠዓሊ ከሁለቱ ሥዕሎች ፊት ጥቂት ቆሙና፣ "ይኼማ ማሽን የሠራው ነው፤ ምኑ ሥዕል ይባላል?" ብለው አለፉ። ከኋላቸው የነበረ አንድ ወጣት ደግሞ ወደ ሥዕሎቹ ባለቤት ጠጋ ብሎ፣ "በየትኛው ብሩሽ ነው የሠራኸው? ለእኔም ትልክልኛለህ?" ሲል ጠየቀው።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ሽማግሌውና ወጣቱ ለወጉ የማይስማሙ ሰዎች ናቸው። አንዱ ይንቃሉ፣ ሌላው ያደንቃል። እኔ ግን ዳር ቆሜ ሳዳምጥ የሁለቱ እምነት አንድ ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱም ሥዕሉን የሠራው መሣሪያው ነው ብለዋል። ሽማግሌው በዚህ ምክንያት ሥዕሉን ጣሉት፤ ወጣቱም በዚሁ ምክንያት መሣሪያውን ተመኘ። ሠዓሊው ምን አይቶ ነው ይህን የሣለው ብሎ የጠየቀ ከሁለቱ አንድም አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከሁለቱም ጋር ነው። ከሁሉ በፊት ግን ከራሴ ጋር ነው። ምክንያቱም እኔም ለሦስት ዓመታት ያህል ያንን ወጣት ነበርኩ።

ዲጂታል ሥዕል የጀመርኩት ከአንድ ወዳጄ በገዛኋት ያገለገለች ታብሌት ነው። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የሥዕል ታብሌት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ናት። በላይዋ ላይ በልዩ ብዕር ሲሠመርባት መሥመሩ በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ይወጣል። ብዕሩን ጫን ሲሉት መሥመሩ ይወፍራል፤ ላላ ሲያደርጉት ይቀጥናል። ቀለም አይፈስም፣ ሸራ አይወጠርም፣ የተበላሸው ሁሉ በአንድ ቁልፍ ይመለሳል። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረኝ? ሠዓሊ ሆንኩ አልኩ።

ሥራዬ ምን ይመስል እንደነበር ልናዘዝ። ፎቶግራፍ አመጣለሁ። በላዩ ላይ ሌየር የሚባለውን፣ እንደ መስተዋት የሚያሳልፈውን ንጣፍ እዘረጋለሁ። የፎቶግራፉን ጠርዝ እየተከተልኩ እገለብጣለሁ። ቀለም ሲያስፈልገኝ ራሴ አልፈልግም፤ ቀለም መልቀሚያ በሚሉት መሣሪያ ፎቶግራፉን ነካ አድርጌ ያንኑ ቀለም አነሣለሁ። ሥራው አላምር ሲለኝ ጥፋቱን በብሩሹ አሳብቤ ሌላ ብሩሽ ፍለጋ እሄዳለሁ። የሰበሰብኳቸው ብሩሾች ከስድስት መቶ በላይ ደርሰው ነበር። ደመና የሚሠራ፣ ቅጠል የሚሠራ፣ ፀጉር የሚሠራ፣ እንፋሎት የሚሠራ ብሩሽ ነበረኝ። ጓደኞቼ "ልክ ፎቶ ይመስላል!" ሲሉኝ ልቤ ያብጥ ነበር። ፎቶ ቢመስል ምን ይደንቃል? ፎቶው ራሱ ከሥር አለ!

አንድ እሑድ ግን ያለ ፎቶግራፍ ጀበና ልሣል ብዬ ተነሣሁ። ጀበና ምን ያስቸግራል? ከተወለድኩ ጀምሮ ስመለከተው ኖሬአለሁ። ግማሽ ቀን ደክሜ፣ ብልጭታውን ጨምሬ፣ እንፋሎቱን በእንፋሎት ብሩሽ አትንኜ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ተመለከተችውና፣ "ያምራል ልጄ" አለች። ትንሽ ዝም ብላ፣ "ግን የዚህ ጀበና ጆሮ እጅ አያስገባም። እንዴት ይዘህ ልትቀዳበት ነው?" አለችኝ።

ሣቅሁ። ኋላ ግን ጓዳ ገብቼ ጀበናውን አነሣሁት። ጆሮው ከአንገቱ ተነሥቶ ወደ ሆዱ ሲወርድ ጣቶች የሚያልፉበትን ያህል ቦታ ትቷል። እኔ ከአንገቱ ጋር አጣብቄዋለሁ። እናቴ የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ጀበናውን ግን በየቀኑ ትይዘዋለች። ስድስት መቶ ብሩሽ ያለኝ እኔ ያላወቅሁትን ጣቶቿ ያውቁታል።

አማርኛችን ማየትንና ማስተዋልን ለይቶ ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም። ጀበናውን አይቼዋለሁ፤ አላስተዋልኩትም።

ከዚያ ወዲህ ብሩሾቹን ዘግቼ አንድ ክብ ብሩሽና አንድ ንጣፍ ብቻ አስቀረሁ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ግማሽ ሰዓት ያንኑ ጀበና በመስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ እሥል ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቁር ቀለም ቀባሁት፤ ጀበና ጥቁር ነው ብሎ የነገረኝ አእምሮዬ ነበርና። ሁለት ሳምንት ያህል ከቆየሁ በኋላ ጥቁሩ መሸሽ ጀመረ። በመስኮቱ በኩል ያለው ጎኑ የሰማይ ሰማያዊ አለበት። ከታች፣ ከማቶቱ አጠገብ፣ የሣሩ ቢጫነት በሆዱ ላይ ይታያል። ጥላውም አንድ ወጥ አይደለም፤ ከሥሩ ጠርዙ የተሳለ ነው፣ እየራቀ ሲሄድ ይለሰልሳል። እነዚህ ሁሉ ነገሮች ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቤታችን ነበሩ። አዲስ የመጣ ነገር የለም።

"ዐይን ካለ ማየት አለ" የሚል ሰው ይኖራል። የለም! ዐይናችን በየሰዓቱ ያታልለናል፤ ይህም የእኔ ብሶት ብቻ አይደለም። ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በጎብለን የምንጣፍ መሥሪያ ቤት የማቅለሚያው ኃላፊ በነበረበት ጊዜ፣ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል አቤቱታ ይመጣበት ነበር። መርምሮ ያገኘው ግን ማቅለሚያው ጉድለት እንደሌለበት ነው። ጥቁሩን ያደበዘዙት በአጠገቡ የተሸመኑት ቀለማት ነበሩ። በዚህ ጉዳይ የጻፈው መጽሐፍ በ1839 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው የእይታ ተመራማሪ ኤድዋርድ አደልሰን አንድ የዳማ ሰሌዳ የመሰለ ሥዕል አቀረበ። በሰሌዳው ላይ የአንድ ነገር ጥላ አርፎበታል። በጥላው ውስጥ ያለችው "ነጭ" ቤትና ከጥላው ውጭ ያለችው "ጥቁር" ቤት በትክክል አንድ ዐይነት ግራጫ ናቸው። ይህን አውቄም እንኳ ዛሬ ስመለከተው አንዷ ነጭ፣ ሌላዋ ጥቁር ሆነው ይታዩኛል።

እንግዲህ የኮምፒዩተሩ እውነተኛ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ እኛ የያዝነውም ተገልብጦ ነው። ያ ቀለም መልቀሚያ፣ ያ የሰነፍ መሣሪያ ያደረግሁት፣ በአደልሰን ሥዕል ላይ ቢያሳርፉት ሁለቱ ቤቶች አንድ መሆናቸውን ወዲያው ይናገራል። አይታለልም፣ አያዳላም። ስለዚህ ዛሬ ከፎቶግራፍም ሆነ ከታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራ ስማር በመጀመሪያ ቀለሙን በራሴ ዐይን ገምቼ እቀባለሁ። መልቀሚያውን የማነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ምን ያህል ሳትኩ? አጨለምኩት ወይስ አበራሁት? ቀይ ያልኩት ለካ ግራጫ ኖሯል? በዘይት ቀለም የሚማር ሰው እንዲህ ያለ ፈጣን ዳኛ በእጁ የለውም። እኛ ግን ዳኛውን ሠዓሊ አድርገን ሾምነው።

በዚህ በኩል ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። በአንድ ወር ውስጥ ዲጂታል ሠዓሊ እናደርጋችኋለን የሚሉ ማስታወቂያዎች ሞልተዋል። እኔም ከፍዬ ከአንዱ ገብቻለሁ። በስምንት ክፍለ ጊዜ የተማርኩት የቁልፎች ስም ነው። አንድም ቀን ከመስኮቱ ውጭ ተመልከቱ አልተባልንም። መስኮቱ ራሱ ስክሪኑ ላይ እንዳያንጸባርቅ በመጋረጃ ተሸፍኖ ነበር! በብሩሽ ስብስብና በአዲስ ፕሮግራም ስም የወጣቱን ገንዘብ መሰብሰብ ከማስተማር ይልቅ ንግድ ነው። ክሪታን የመሰለ ጥሩ የመሣያ ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል። መክፈል ካለብንስ ሥራችንን አይቶ "ጆሮው እጅ አያስገባም" ለሚለን መምህር እንክፈል።

አሁን ወደ አባታችን ወደ ሽማግሌው ሠዓሊ ልመለስ። "ማሽን የሠራው" ላሉት መልስ አለኝ። ዴቪድ ሆክኒ የተባለው እንግሊዛዊ ሠዓሊ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በአይፎን ስልክ መሣል ጀመረ። የሣለው የንጋት ፀሐይንና በመስኮቱ ያስቀመጠውን አበባ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ አይፓድ ይዞ ዮርክሸር ውስጥ ያለ የአንድ ገጠር መንገድን የጸደይ አመጣጥ ተከታትሎ ሣለ። ሥራዎቹ በተከታዩ ዓመት በለንደን በሮያል አካዳሚ ታይተዋል። ሆክኒ ያንን ዛፍ ለማየት ዕድሜውን ሙሉ ዐይኑን ሲያሠለጥን ኖሯል። አይፓዱ የደረሰበት ያንን ዐይን ነው። ሩቅ ሳንሄድ፣ በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የተወለዱ፣ ቺካጎ ሄደው የተማሩ ሰው ነበሩ። መሣሪያና ዘዴ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሊለወጥ እንደሚችል ከእርሳቸው የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ሌላም ተከራካሪ አለ። "የጥንት ሠዓሊዎቻችንስ ይገለብጡ አልነበረም ወይ?" ይለኛል። አዎን፤ ከአበው የተቀበሉትን ሥርዐት ይከተሉ ነበር። ጻድቁን በሁለት ዐይኑ፣ ክፉውን በጎኑ በአንድ ዐይኑ መሣል የታወቀ ሥርዐታቸው ነው። ነገር ግን የተቀበሉትን በእጃቸው መልሰው፣ በልባቸው ይዘው ነው የሚሠሩት፤ እያንዳንዱ መሥመር ለምን እንዳለ ያውቃሉ። የእኔ ግልበጣ ግን በእጄ ላይም በልቤም ምንም አላስቀረም። ፎቶግራፉ ከሥር ሲነሣ እውቀቴም አብሮት ይነሣል። መገልበጥን አልኮንንም። ገልብጦ መዝጋትና ያንኑ በቃል መልሶ መሣል ትልቅ ትምህርት ነው።

ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ጥቂት ቃላት ጽፈውለት ሥዕል የሚያወጣ ፕሮግራም በየሰው እጅ ገብቷል። ስሙን በአማርኛ "ሰው ሠራሽ አስተውሎት" ብለነዋል። ስሙ ያስገርመኛል። እኛ ማስተዋልን እየተውን በሄድንበት ሰዓት ለማሽኑ ሰጠነው! ጀበና ሥራልኝ ቢሉት ይሠራል፤ ከሰዎች ሥዕልና ፎቶግራፍ ክምር የተማረውን ያወጣል። የእናቴን ጀበና ግን አንድም ቀን በመስኮቷ ብርሃን ፊት ለፊት ተቀምጦ አላየውም። ይህን ፕሮግራም የሚፈራ ሠዓሊ ቢኖር ያልተመለከተውን የሚሥል ሠዓሊ ነው፤ የሁለቱ ሥራ አንድ ነውና። ፍርሃቱ እውነት መሆኑን አልክድም፤ ከዚህ ሥራ እንጀራ የሚበሉ ወዳጆች አሉኝ። ግን ብሩሽ በመሰብሰብ እንደማይድኑ አውቃለሁ።

ይህን ያህል የምጮኸው ስለ ጀበና ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ የነበረ አንድ የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ከፎቶግራፍ ገልብጬ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት አካባቢው ሲፈርስ ቤቱም አብሮ ሄደ። ያን ጊዜ ቤቱን እንደገና፣ በማለዳ ብርሃን፣ ከጎኑ ልሥለው አሰብኩ። አልቻልኩም። በረንዳው በስንት ቋሚ እንደቆመ አላውቅም። ደረጃው ከየት እንደሚነሣ አላውቅም። በዚያ ደጃፍ ለዓመታት ተመላልሻለሁ፤ ቤቱን ለብዙ ሰዓታት "ሥያለሁ"። የቀረኝ ግን የአንዲት ቅጽበት ፎቶግራፍና የእኔ ግልባጭ ነው። ያ ቤት ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ፤ የመጀመሪያው ጊዜ ቆሞ ሳለ ነው።

ከተማው እየተለወጠ ነው። ነገ የማይኖር ብዙ ነገር ዛሬ ቆሟል። ወጣቱ ሠዓሊ ታብሌቱን ይያዝ፣ አይፓዱን ይያዝ፣ ስልኩንም ይያዝ፤ እኔ ከመሣሪያው ጋር ጠብ የለኝም። ግን ይውጣና ይቁም። ከመሣሉ በፊት ይመልከት፣ ሲሥል ይመልከት፣ ቤቱ ገብቶም በቃሉ ይሞክረው። የጎደለውን ሲያገኝ በማግስቱ ተመልሶ ይሂድ።

የእኔ ጀበና እስካሁን አላለቀም። በቅርቡ አንዱን ለእናቴ አሳየኋት። "ጆሮው አሁን እጅ ያስገባል" አለችኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ፣ "እንፋሎቱ ግን ውሸት ነው። ከከሰል የወረደ ጀበና እንዲህ አይተንም" አለች። በማግስቱ ጠዋት ቡናው ሲወርድ ብዕሬን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።