«ደረት ሳይከፈት» ሲባል ምን ማለት ነው?

 

እንደምታውቁት ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ማስታወቂያ ሳይ ከተጻፈው ይልቅ የተተወው ነገር ቀድሞ ይታየኛል። «ደረት ሳይከፈት የልብ ሕክምና፤ በማግስቱ ወደ ቤትዎ!» የሚል ማስታወቂያ ውሸት የለበትም፤ ሙሉ ግን አይደለም። ነገ ሐኪም ስለ አባታችሁ «ካቴተር ያስፈልጋቸዋል» ቢላችሁ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚመክረው ስለ ሕይወትም ስለ ገንዘብም ነው። ስለዚህ ጉዳዩን አስቀድሞ ማወቁ አይከፋም።

ካቴተር ቀጭንና በቀላሉ የሚታጠፍ ቱቦ ነው። ሐኪሙ የእጅ አንጓን ወይም ብሽሽትን አደንዝዞ ቱቦውን በደም ሥር ያስገባና በኤክስሬይ ስክሪን እያየ እስከ ልብ ድረስ ይገፋዋል። ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ ነቅቶ ነው። ልዩ ቀለም ሲረጭ የጠበበው ቦታ ይታያል፤ ይህ ምርመራ አንጂዮግራፊ ይባላል። ሕክምና ካስፈለገ ሐኪሙ በጠበበው ቦታ ላይ ትንሽ ፊኛ ነፍቶ ያሰፋዋል፤ ተመልሶ እንዳይጠብም ብዙውን ጊዜ ስቴንት የሚባል የብረት መረብ ይተውበታል።

ሐሳቡ የመጣው ከድፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ቨርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም በገዛ ክንዱ ደም ሥር ቱቦ አስገብቶ፣ በእግሩ ወደ ኤክስሬይ ክፍል ሄዶ ልቡ ውስጥ መድረሱን አሳየ። በጊዜው ተነቀፈበት፤ በ1956 ግን የኖቤል ሽልማትን ተጋራ። በ1977 ደግሞ አንድሪያስ ግሩንትሲግ ዙሪክ ውስጥ የአንድ የ38 ዓመት ሰው የልብ ደም ቅዳ በፊኛ ከፈተ። ሰውየው ነቅቶ ነበር።

እኛ አገር ይህ ሕክምና የሽማግሌ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብዙ ወጣቶች፣ በተለይ ሴቶች፣ በሩማቲክ የልብ በሽታ የልብ በራቸው ይጠብባል። አንዳንዶቹ በሽታው የሚታወቅላቸው አርግዘው ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው። የበሩ ሁኔታ ከፈቀደ በካቴተር ፊኛ ሊከፈት ይችላል። መነሻው ግን በልጅነት በወጉ ያልታከመ የባክቴሪያ ቶንሲል ነው። እንጥል ማስቆረጥ አያድነውም፤ እንዲያውም ለመድማትና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ልጃችሁ ጉሮሮውን ሲያመውና ሲያተኩሰው ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ፔኒሲሊን ከታዘዘለትም እስከ መጨረሻው ይውሰድ።

አሁን ማስታወቂያው ወደ ተወው እንምጣ። ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁ፦

• «አስቸኳይ ነው ወይስ ጊዜ አለን?» በልብ ድካም ሳይሆን ደም ቅዳ በድንገት ተዘግቶ በሚመጣ የልብ ሕመም፣ በፍጥነት መክፈት ሕይወት ያድናል። ሲራመዱ ብቻ የሚመጣና ለወራት ያልተባባሰ የደረት ሕመም ግን ሌላ ነው። በ2007 እና በ2020 የታተሙ ትልልቅ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ታካሚዎች ላይ ስቴንት ሕመሙን ቢያስታግስም ከጥሩ የመድኃኒት ሕክምና በላይ ዕድሜ አላራዘመም። ስለዚህ «መድኃኒት ብንሞክርስ?» ማለት ሐኪምን መድፈር አይደለም።

• «ከዚያ በኋላ ምን ይወሰዳል?» ስቴንት የገባለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ሁለት መድኃኒቶችን አብዛኛውን ጊዜ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት ይወስዳል። ተሽሎኛል ብሎ ወይም ለጥርስ መንቀል ሲባል በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ስቴንቱን ሊዘጋው ይችላል። በጀት ስታወጡ የመድኃኒቱን ወጪም አብራችሁ አስሉ።

• «ለእሳቸው አደጋው ምንድን ነው?» መድማት፣ ቀለሙ በኩላሊት ላይ የሚያመጣው ጫና፣ አልፎ አልፎም ስትሮክ ሊኖር ይችላል። የስኳርና የኩላሊት ሕመም፣ አለርጂም ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ፊኛው የሚያሰፋው አንዱን ጠባብ ቦታ ነው። ያጠበበው ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ግን ከታካሚው ጋር አብሮ ቤት ይመለሳል። የተረፈው ሥራ በመድኃኒት ሣጥኑና በማዕዳችን ላይ ነው።

በመጨረሻም፣ የደረት መጫንና መጨምደድ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ከተሰማ፣ ቀዝቃዛ ላብና የትንፋሽ ማጠር ከታየ፣ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ፌጦ ጠጥቶ ማደር አይገባም። ስኳር ባለባቸውና በሴቶች ላይ ምልክቱ ደብዘዝ ሊል ይችላል። ወላጆቻችን እኛን ላለማስቸገር ሕመም ይደብቃሉ፤ ስለዚህ «ምን ሆነሻል እማዬ?» ብቻ ሳይሆን «ደረጃ ስትወጪ ያርፍሻል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምልክቱ ከታየ ሳትውሉ ሳታድሩ ኢሲጂ ወደሚነሣበት ሆስፒታል ውሰዷቸው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመከርበታል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ።