የደመወዝ ግብርን መርምሮ ስለ ማወቅ

ግብር የአገር መቆሚያ ምሰሶ መሆኑ ለሁሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከፋዩ በየትኛው ሕግ፣ ምን ያህል እንደ ተቈረጠበትና በማን ስም እንደ ተመዘገበ ካላወቀ፣ ግዴታውን ፈጸመ እንጂ መብቱን ጠበቀ አይባልም።

ይህ ነገር በደሴና በኮምቦልቻ ጐልቶ ይታያል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የከተማው አስተዳደር ጸሐፊና በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋው ሠራተኛ በአንድ ገበያ ይገበያሉ፤ ግብራቸው ግን ወደ አንድ ግምጃ ቤት አይገባም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የፌዴራል ሠራተኞችን የደመወዝ ግብር ለፌዴራሉ መንግሥት፣ የክልልና የግል ድርጅት ሠራተኞችን ግን ለክልሉ ሰጥቷል። እንግዲህ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው መዝገቡም አብሮት መዛወሩን ማረጋገጥ ይገባዋል።

በ1936 ዓ.ም. የግልና የንግድ ግብር ዐዋጅ ከወጣ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 979 በ2017 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 1395 ተሻሽሎ፣ ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ከመቶ 15፣ እስከ 7,000 ብር 20፣ እስከ 10,000 ብር 25፣ እስከ 14,000 ብር 30፣ ከዚያ በላይ ላለው 35 ይከፈላል። ይህ የፌዴራሉ ሕግ ነው፤ የክልል ሠራተኛ የሚገዛበትን የክልሉን ሕግ ጠይቆ ይረዳ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት፣ ደመወዝ አንድ እርከን ባለፈ ጊዜ ከፍተኛው መጣኝ በሙሉው ገንዘብ ላይ የሚያርፍ ስለሚመስላቸው ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይደለም፤ እያንዳንዱ መጣኝ የሚያርፈው በእርከኑ ውስጥ ባለው ገንዘብ ብቻ ነው። 9,000 ብር የሚቀበል መምህር ስለ ሁለተኛው 2,000 ብር 300፣ ስለ ቀጣዩ 3,000 ብር 600፣ ስለ ቀረው 2,000 ብር 500፣ በጠቅላላው 1,400 ብር ይከፍላል። በቀድሞው ሕግ 1,745 ብር ይቈረጥበት ነበር። ሒሳብ ሹሙ አሮጌውን ሠንጠረዥ ሳይለውጥ ቢቀር በወር 345፣ በዓመት 4,140 ብር ከአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ ይጐድላል። የጡረታ መዋጮ የሆነው ከመቶ 7 ግን ከግብር የተለየ ስለ ሆነ፣ አንዱን ከአንዱ ቀላቅሎ መቍጠር አይገባም።

ዳግመኛም ዐሥር አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር አለ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው አንድ ብቻ ነው። በደመወዝ መክፈያው ላይ አንዲት አኃዝ ብትሳሳት፣ የከፈለው እንዳልከፈለ ሊቈጠር ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛው ቍጥሩን፣ ስሙን፣ ደመወዙንና የተቈረጠውን ግብር በየወሩ ያስተያይ፤ ስሕተት ቢያገኝ አስቀድሞ ለሒሳብ ሹሙ፣ ካልታረመለትም ለገቢዎች መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክት።

መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮችን ባስተማረ ጊዜ ሥራቸውን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘው አብልጠው እንዳይወስዱ ብቻ ከለከላቸው። ይህ ምክር ዛሬም ደመወዝ ለሚያወጣ ሹም ሁሉ የተገባ ነው። ሹሙ የቈረጠውን በወረቀት ገልጾ ቢሰጥ፣ መምህራነ ቤተ ክርስቲያንም ሕዝቡ መክፈልን ብቻ ሳይሆን መመርመርንም እንዲለምድ ቢመክሩ፣ የመንግሥት ገንዘብ ሳይጐድል የሠራተኛውም ልብ ያርፋል።