ሕፃን ታቅፎ ባሕር ስለ መሻገር

ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ በወርኃ ጽጌ የምታስበው ስደት ምን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ፥ አረጋዊ ዮሴፍና ሰሎሜ አብረዋት ሁነው፥ ወደ ምድረ ግብጽ ወርዳ 3 ዓመት ከ6 ወር በሰው አገር ተቀምጣለች። ስለዚህ ሕፃን ይዞ ከአገር መውጣት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ያን ጊዜ ያስወጣው የሄሮድስ ሰይፍ ነበረ፤ ዛሬ ግን ትምህርትና ሥራ፥ ሕክምናና የመንግሥት አገልግሎት ብዙ ወጣት ቤተ ሰቦችን ከነሕፃናቸው ወደ ውጭ አገር ያስኬዳቸዋል። እኛም በዚህ ሳምንት ስለዚሁ ጕዳይ በዘመዶቻችን ቤት የሆነውን ነገር፥ ከእርሱም የተማርነውን ምክር ለመጻፍ አሰብን።

ሁርሶ ከድሬ ዳዋ በስተ ምዕራብ ባለው ቆላ፥ በአሮጌው የምድር ባቡር መሥመር ላይ የነበረች ጣቢያ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም በሁርሶ በኩል አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበረ። በዚያ ዘመን ከመኻል አገር በባቡር ወደ ባሕር የሚወርድ ሁሉ፥ መኰንንም ቢሆን ነጋዴም ቢሆን፥ ሁርሶን ሳያይ አያልፍም ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ወደ አዲስ አበባ በቀረበ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ የተጓዘው በዚሁ ሐዲድ ነው። ሚያዝያ 26 ቀን ከጅቡቲ ኢንተርፕራይዝ በምትባል በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 30 ቀን ሐይፋ ደረሱ። የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጨረሻ ልጅ ልዑል ሣህለ ሥላሴ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ። እኅታቸው ልዕልት ፀሐይ ደግሞ በስደቱ አገር ዝም ብለው አልተቀመጡም። በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሐኪም ቤት ገብተው የታመመ ሕፃን ማስታመምን ተማሩና በ1931 ዓ.ም. ተመረቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙ ሳይቈዩ በ1934 ዓ.ም. በለቀምት ዐረፉ፤ ነገር ግን የንጉሥ ልጅ ሕፃን ማስታመምን እንደ ሙያ መያዛቸው ለሴቶቻችን ትልቅ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል።

አሁን ወደ ነገራችን እንመለስ። የታላቅ እኅታችን ልጅ በሁርሶ የሚሠራ ወጣት ነው። ባለፈው ዓመት ለ2 ዓመት ትምህርት ወደ አውሮጳ እንዲሄድ፥ ሚስቱንና ልጁንም ይዞ እንዲወጣ ተፈቀደለት። ልጁ ግን ያን ጊዜ ገና የ4 ወር ሕፃን ነበረ። እኅታችን ይህን በሰሙ ጊዜ «እናንተ ሂዱ፤ ሕፃኑን ግን ለእኔ ተዉልኝ» አሉ። ሚስቱ አለቀሰች፤ ባልዋም በእናቱና በሚስቱ መካከል ቆሞ የሚናገረው ጠፋው። ነገሩ ወደ ሽማግሎች ደርሶ 3 ሆነን ተቀመጥን። እኛም የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆናችን የሰውን ቃል መቀበል ልማዳችን ነውና የሁለቱንም ወገን ቃል አጥብቀን ሰማን።

እኅታችን እንዲህ አሉ፤ «በዚሁ በሁርሶ ስንቀመጥ የመጀመሪያ ልጄን በንዳድ ቀበርሁ። ማታ ትኵሳት ያዘው፤ ጥርስ ሊያወጣ ነው አሉኝና ዝም አልሁ፤ በ3ኛው ቀን ዐረፈ። ያ ልጅ በአገሬ፥ በቤቴ፥ ቋንቋዬን በሚሰማ ሰው መካከል ነበረ። እናንተ በማታውቁት አገር ልጁ ቢታመም ለማን ትነግሩታላችሁ?» ይህ እኛ የምናውቀው፥ ልጆቹ ግን ሰምተውት የማያውቁት ነገር ነበረና በቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ዝም አለ።

ምራታቸውም አንገትዋን ደፍታ «እማማ፥ እርስዎ ልጁን ያሳድጉታል፤ በዚህ አልጠራጠርም። ነገር ግን ከጡቴ በቀር የሚያውቀው ምግብ የለም። እኔ ስሄድ ምን ይጠባል?» ብላ መለሰች።

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም ቢሆን ሌላ ነገር እንዳይቀምስ፥ ከዚያም በኋላ ምግብ እየተጨመረለት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። አገሩ ቆላ ነው ተብሎም ለሕፃን ውሃ መስጠት አያስፈልግም፤ በጡቱ ውስጥ የሚበቃው ውሃ አለና፤ ውሃ መጠጣት የሚገባት እናቲቱ ናት። ስለዚህ የ4 ወር ሕፃን ከጡት ተነጥሎ በአገሩ ከሚቀር ከጡት ጋራ ቢሰደድ ይሻላል ብለን ፈረድን። ነገር ግን የእኅታችንን ፍርሃት ከንቱ ነው ብለን አልጣልነውም። «ይህን ፍርሃት ምክር አድርጋችሁ ይዛችሁት ሂዱ» አልናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መንገዱ ቀን ድረስ የተዘጋጀው ሁሉ በዚህ ቃል መሠረት ነው።

መጀመሪያ የወረቀቱ ጕዳይ ነው። የዕለት ሥራችን ስለ ሆነ ጥቂት ብናስረዝም አንባቢ ይቅር ይበለን። በአዋጅ ቍጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ይገባዋል። ይህ ምስክር ወረቀት ለፓስፖርቱ መሠረት ነው፤ ሕፃንም ቢሆን የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። በእኛ አገር አያት በአንድ ስም፥ አባት በሌላ ስም፥ ቄሱ በክርስትና ስም ይጠሩታል። በቤት ውስጥ ይህ የፍቅር ምልክት ነው፤ በወረቀት ላይ ግን ስሙ አንድ ብቻ ይሁን። በላቲን ፊደል ሲጻፍም የአባቱ ስም በአባቱ ፓስፖርት ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን።

ሁለተኛ የቀኑ ነገር አለ። ዘመን አቈጣጠራችን ከፈረንጆች በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደሚለይ ሁሉም ያውቃል፤ ቀኑም በአንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን እንደሚዛወር ግን ብዙ ሰው ይዘነጋል። የጥምቀት በዓል ዘወትር ጥር 11 ቀን ነው፤ በፈረንጆች ግን ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19፥ በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ጃንዋሪ 20 ይውላል። የሕፃኑ የልደት ቀን በአንዱ ወረቀት 19 በሌላው 20 ተብሎ ቢጻፍ በሰው አገር በር ላይ ብዙ ጥያቄ ያመጣል።

ሦስተኛ፥ የእኛ ሴቶች በጋብቻ ስማቸውን አይለውጡም፤ ልጅም የአባቱን ስም ያስከትላል። ስለዚህ የእናትና የልጅ ስም በፓስፖርቱ ላይ አይገጥምም፤ ይህን ልማድ የማያውቅ የውጭ አገር ሹም «ይህ ሕፃን በእውነት የአንቺ ነውን?» ብሎ ይጠይቃል። የልደቱንና የጋብቻውን ምስክር ወረቀት አስተርጕሞና አረጋግጦ በእጅ ይዞ መሄድ መልሱን ያሳጥራል። ከወላጆቹም አንዱ ብቻ ከሕፃኑ ጋራ የሚጓዝ እንደ ሆነ፥ የሌላው ወላጅ ፈቃድ ሰነድ ለማረጋገጥ ሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤት ተጽፎ ይያዝ።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ጤና ነው። በአገራችን ሥርዐት ሕፃን በተወለደ ጊዜ፥ ኋላም በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ክትባት ይቀበላል፤ የኩፍኝ ክትባት በ9ኛው ወር ይሰጠዋል። የመንገዱን ቀን የሚቈርጥ አባት ይህን ቀን ቢጠብቅ መልካም ነው፤ የክትባቱም ካርድ ከፓስፖርቱ ጋራ ይቀመጥ። የቢጫ ወባ ክትባት 9 ወር ላልሞላው ሕፃን በልማድ አይሰጥም፤ ለትልልቆች ግን ብዙ አገሮች ምስክር ወረቀቱን ይጠይቃሉ፤ ወረቀቱም የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነውና በመንገድ ዋዜማ የሚሠራ ሥራ አይደለም። በቆላ የሚኖር ቤተ ሰብ ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ሌሊት ድረስ ሕፃኑን በአጎበር ውስጥ ያስተኛው። ሻንጣ ስናሰናዳ አጎበሩን ቀድሞ አጣጥፎ መክተት ትልቅ ስሕተት ነው።

የጕዞው ነገር ከድሮው እጅግ ቀሏል። በጥንቱ ዘመን ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለ ነበረ፥ ከአዲስ አበባ የተነሣ ሰው አዋሽና ድሬ ዳዋ እያደረ በ3ኛው ቀን ጅቡቲ ይደርስ ነበር፤ ከዚያም ገና መርከብ ይጠብቀዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ካደረገ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ የሁርሶ ሰው በመኪና ድሬ ዳዋ ደርሶ፥ በአይሮፕላን ወደ አዲስ አበባ፥ ከዚያም ወደ አውሮጳ በአንድ ቀንና ሌሊት ይደርሳል።

አይሮፕላን ሲነሣና ሲወርድ የሕፃን ጆሮ በአየሩ መለዋወጥ ይታመማል፤ መድኃኒቱ በዚያ ሰዓት ጡት ማጥባት ነው፤ ሲውጥ ጆሮው ይከፈትለታልና። በበረራ ጊዜ በውስጡ ያለው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው አገር እንዳለው አየር ነው። ይህ ለአዲስ አበባ ልጅ እንደ ቤቱ ነው፤ ለሁርሶ ልጅ ግን ደጋ እንደ መውጣት ይሆንበታል፤ ደርቆና ቀዝቅዞ ስለሚያገኘውም ልብስ መደራረብ፥ ቶሎ ቶሎም ማጥባት ይገባል። ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ ሲጓዝ ዋጋው ከትልቅ ሰው ዋጋ በብዙ ያነሰ ነው። በፊተኛው ግድግዳ ላይ የሚታሰር የሕፃን አልጋም በረዥም በረራ ይገኛል፤ ነገር ግን ቍጥሩ ጥቂት ነውና ቲኬት ሲቈረጥ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመለያየቱ ቀን እኅታችን አዲስ አንቀልባ ለምራታቸው ሰጡ፤ እጇ ነጻ ሆኖ ወረቀትና ሻንጣ እንድትይዝበት ነው። ከዚያም እጇን ይዘው «ልጄ፥ ትኵሳት ቢይዘው ጥርስ ነው፥ ብርድ ነው ብለሽ እንዳትቀመጪ። ከወባ አገር መጣን ብለሽ ተናገሪ» አሏት። የእኅታችን ልጅም ይህን ቃል በዚያ አገር ቋንቋ አስጽፎ በክትባቱ ካርድ ውስጥ አኖረው።

በደረሱ በ11ኛው ቀን ሌሊት ሕፃኑን ትኵሳት ያዘው። እነርሱም ሳይነጋ ወደ ሐኪም ወሰዱት። ሐኪሙ መልካም ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ወሩ የክረምት ብርድ የጸናበት፥ ሕፃኑም ሁሉ በጕንፋን የሚሳልበት ስለ ነበረ፥ ጕንፋን ነው ብሎ ሊያሰናብታቸው ተነሣ። እናቲቱ ቋንቋውን ገና አታውቅምና ዝም ብላ ወረቀቱን አውጥታ ሰጠችው። እርሱም አነበበና ተመልሶ ተቀመጠ፤ የሕፃኑንም ደም አስመረመረ፤ የወባ ተሕዋስ ተገኘበት። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ተኝቶ መድኃኒቱን ጀመረ፤ በጥቂት ቀንም ተሻለው። የወባ ተሕዋስ ከትንኝዋ ንክሻ በኋላ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ በሰውነት ውስጥ ተሰውሮ ስለሚቈይ፥ በሁርሶ የተነደፈ ሕፃን በአውሮጳ በረዶ ውስጥ ሊታመም ይችላል። በተወለደባት አገር ማንም ጤና ረዳት ቶሎ የሚጠረጥረውን በሽታ፥ ወባ የሌለበት አገር ሐኪም ካልነገሩት በቀር ላያስበው ይችላል።

ወሬው በስልክ በተሰማ ጊዜ እኛ በእኅታችን ቤት ነበርን። ብዙ አልተናገሩም። «አሁንስ ይጠባል?» ብለው ጠየቁ፤ ይጠባል ባሏቸው ጊዜ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ። ኋላም ስልኩን ከዘጉ በኋላ የዚያን የመጀመሪያ ልጃቸውን ስም አንሥተው «ነፍሱን ይማር» አሉ። ያን ስም ከአፋቸው ከሰማን ብዙ ዓመት ሆኖን ነበር።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ ልጆቻችሁ ከነሕፃናቸው ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ እንደ ሆነ፥ እንዳይሄዱ ከመከልከላችሁ በፊት የፈራችሁትን ነገር በግልጥ ንገሯቸው። ወጣቶችም የሽማግሌን ፍርሃት ያለፈበት ነገር ነው ብላችሁ አትናቁ፤ መጀመሪያ ምን አይተው እንደ ፈሩ ጠይቁ። ከተመለሳችሁም በኋላ፥ በባዕድ አገር የተወለደ ወይም ያደገ ሕፃን የቆላን ወባ እንደ እናንተ የለመደ አይደለምና በአጎበርና በሐኪም ምክር ጠብቁት። የመንገደኞችን መውጣትና መግባት እግዚአብሔር ይጠብቅ።